ፊደል የወለዳቸው ጨዋታዎች

ጅቡቲ ከተማ ለጃፓን እንግዳ አይደለችም። መንገዶቿን ቶዮታ ሞልቷቸዋል። በአምቡሊ አየር ማረፊያ ጎን ከ2011 ጀምሮ የጃፓን ራስ መከላከያ ኃይል ሰፈር አለ፤ ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከምድሯ ውጭ ያቆመችው የመጀመሪያው ቋሚ ሰፈር ነው። ልጆቻችንም እዚህ ሆነ ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ላይ አድገዋል። የጃፓን ጨዋታ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካው ሳጥን ነው፤ ኒንቴንዶ፣ ሴጋ፣ ሶኒ።

ከዚያ ሳጥን ጎን ግን ሌላ ዓለም ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ፣ በጃፓን ተማሪዎችና ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ በተቀመጡ የቤት ኮምፒውተሮች፣ ከአገሩ ብዙም ሳይወጡ የቀሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ጨዋታዎች ተሠርተዋል። ዛሬ ኪስ የሚገባ ትንሽ መሣሪያ ገዝቶ እነዚህን ጨዋታዎች በኢሙሌተር፣ ማለትም የጥንቱን ማሽን አሠራር በሚያስመስል ሶፍትዌር፣ መጫወት የጀመረ ሰው በየከተማው አለ። ስሞቹን በቁርጥራጭ ያውቃቸዋል፤ ኤምኤስኤክስ፣ ፒሲ-88፣ ፒሲ-98፣ ኤክስ68000። እነዚህ ስሞች የአንድ ታሪክ ምዕራፎች ናቸው። ታሪኩን ያስጀመረው ደግሞ እኛም የምናውቀው ችግር ነው፤ በእንግሊዝኛ ልክ የተሰፋ ማሽን ላይ የራስን ፊደል የማስገባት ችግር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1976–1981፦ ከሥልጠና ሰሌዳ ወደ ቤት

በነሐሴ 1976 ኤንኢሲ የተባለው የጃፓን ኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ቲኬ-80 የተሰኘ ሰሌዳ በ88,500 የን ለገበያ አቀረበ። የታሰበው ለመሐንዲሶች ነበር፤ የኩባንያውን ፕሮሰሰር እንዲለማመዱበት። ስክሪን የለውም፣ ሽፋን የለውም፣ ክፍሎቹን በብየዳ የሚገጣጥመው ገዢው ራሱ ነው። ሆኖም የገዙት መሐንዲሶች ብቻ አልሆኑም፤ ተማሪው፣ ሐኪሙ፣ የሬዲዮ ወዳጁ ሁሉ ተሻማበት። ኤንኢሲ በዚያው ዓመት በቶኪዮ የኤሌክትሮኒክስ ሰፈር በአኪሃባራ ለእነዚህ ሰዎች የአገልግሎት ማዕከል እስከ መክፈት ደረሰ።

ሻርፕና ሂታቺ በ1978 የራሳቸውን ማሽን አወጡ። በ1979 የኤንኢሲ ፒሲ-8001 ተገጣጥሞ ያለቀ ኮምፒውተር ሆኖ በ168,000 የን ሲመጣ የቤት ኮምፒውተር ዘመን በይፋ ተከፈተ። ያም ሆኖ እነዚህ ማሽኖች በደንብ የሚጽፉት የላቲን ፊደልንና ካታካና የተባሉትን ጥቂት የጃፓን የድምፅ ምልክቶች ነበር። ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ ጋዜጣ የሚታተምበት ካንጂ የተባለው ፊደል አልነበረም።

ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲያበጁ ከባዱ ነገር የፊደሎቻችን ብዛት ነበር። እኛ ግን ብዙ አለን ስንል የምንቆጥረው በመቶዎች ነው። ጃፓን በ1978 ለኮምፒውተር ያጸደቀችው የፊደል ደረጃ 6,349 ካንጂዎችን ይዟል። አንድ ካንጂ እንዲነበብ በትንሹ 16 በ16 ነጥብ ያለው ሳጥን ይፈልጋል፤ ያ 256 ነጥብ፣ በኮምፒውተር ሒሳብ 32 ባይት ነው። ሁሉም ሲደመሩ ከ200 ኪሎባይት ያልፋሉ። የዚያ ዘመን የቤት ኮምፒውተር ሙሉ ማስታወሻ በአብዛኛው ከ64 ኪሎባይት አይበልጥም ነበር።

1982–1984፦ የስክሪኑ ስፋት የወሰነው መንገድ

መፍትሔው ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛው ፊደሎቹን ብቻ የያዘ የተለየ ቺፕ ነው። ሁለተኛው ከሌላው ዓለም የጠራ ስክሪን ነው። በ1981 መጨረሻ የወጣው ፒሲ-8801 (በአጭሩ ፒሲ-88) በአንድ ቀለም እስከ 640 በ400 ነጥብ ማሳየት ቻለ። በጥቅምት 1982 በ298,000 የን ለሥራ ቦታ የወጣው ፒሲ-9801 (በአጭሩ ፒሲ-98) ደግሞ ያንኑ ጥራት በስምንት ቀለም ሰጠ። 640ን ለ16 ብናካፍል 40 ይሆናል፤ 400ን ለ16 ብናካፍል 25። አንድ ስክሪን 40 ካንጂ በ25 መስመር ያዘ፤ ለአንድ ገጽ ደብዳቤ በቂ ነው። በእነዚያው ዓመታት የአይቢኤም ፒሲ የቀለም ስክሪን በላቀ ጥራቱ 640 በ200 ላይ ቆሞ ነበር።

የታሪኩ ዋና መታጠፊያ ይህ ይመስለኛል። ለደብዳቤ ሲባል የሰፋ ስክሪን ለጨዋታ ሸክም ሆነ። በዚያ ሁሉ ነጥብ ላይ ሥዕል ለመሙላት ፕሮሰሰሩ ጊዜ ይፈጃል፤ እንደ ኒንቴንዶ ሳጥን ምስልን ለብቻው የሚያንቀሳቅስ ቺፕም በፒሲ-88ና በፒሲ-98 ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ የሚሮጥና የሚተኩስ ጨዋታ ይንቀራፈፋል። በአንጻሩ የቆመ፣ ጥራት ያለው ሥዕል ከሥሩ ረጅም ጽሑፍ ይዞ ያምርበታል። የጃፓን የኮምፒውተር ጨዋታ ወደ ምርመራ ታሪክ፣ ወደ ጦር ስልትና ወደ ጀብዱ ያዘነበለው በጸሐፊዎቹ ምርጫ ብቻ አልነበረም፤ ማሽኑም ወደዚያው ገፍቷቸዋል።

ፍሬው ቶሎ ታየ። ኤኒክስ የተባለ ኩባንያ የፕሮግራም ውድድር አዘጋጅቶ ወጣቶችን ሰበሰበ። ከነሱ አንዱ ዩጂ ሆሪ በ1983 በኤንኢሲ ፒሲ-6001 ላይ የፖርቶፒያን የግድያ ምርመራ አወጣ፤ ተጫዋቹ ረዳቱን እያዘዘ፣ ምስክር እየጠየቀ፣ ነፍሰ ገዳዩን የሚፈልግበት ጨዋታ ነው። ሆሪ ከሦስት ዓመት በኋላ ድራጎን ኩዌስት የተባለውን ታዋቂ ጨዋታ የጻፈው ሰው ነው። ኮኤይ በዚያው ዓመት የኖቡናጋን ምኞት አመጣ፤ ተጫዋቹ የ16ኛው ክፍለ ዘመን መስፍን ሆኖ ግብር ይሰበስባል፣ ሩዝ ያከማቻል፣ ጎረቤቱን ይወጋል። የዘመነ መሳፍንትን ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ቢጫወተው ባዕድ አይሆንበትም። በ1984 ሄንክ ሮጀርስ የተባለ በኔዘርላንድስ የተወለደ ሰው ዘ ብላክ ኦኒክስን ለፒሲ-8801 ሠርቶ ጃፓናውያንን ከሚና-ጨዋታ ጋር በሰፊው አስተዋወቀ፤ ቲ ኤንድ ኢ ሶፍትም ሃይድላይድን አስከተለ።

ችግሩ የኤንኢሲ ዲስክ በሻርፕ ኤክስ1፣ የሻርፑ በፉጂትሱ ኤፍኤም-7 አለመሥራቱ ነው። አንድ ጨዋታ ለሦስትና ለአራት ማሽን እንደ አዲስ መጻፍ ነበረበት።

1983–1990፦ ኤምኤስኤክስ፣ እስከ ቀይ ባሕር ማዶ

ይህን መበታተን ሊያስቆም የተነሳው የአስኪ ኩባንያው ካዙሂኮ ኒሺ ነው። ከማይክሮሶፍት ጋር ሆኖ በሰኔ 1983 ኤምኤስኤክስ የተባለውን የጋራ ደረጃ ይፋ አደረገ፤ ሶኒም ይሥራው ፓናሶኒክ፣ ያማሃም ሆነ ሳንዮ፣ አንዱ ካርትሪጅ በሁሉም ላይ ይሠራል። ዋጋው የቤተሰብ ነው፤ ከተራ ቴሌቪዥን ጋር ይሰካል። ሌሎቹ ጃፓን ውስጥ ሲቀሩ ኤምኤስኤክስ ባሕር ተሻገረ። ኔዘርላንድስ፣ ስፔን፣ ብራዚልና ኮሪያ ተቀበሉት፤ የያማሃው ማሽን በሶቪየት ኅብረት ትምህርት ቤቶች ገባ።

ለእኛ አካባቢ ቅርብ የሆነው ግን የኩዌቱ ሳኽር ነው። ሙሐመድ አልሻሪኽ በ1982 የመሠረተው ይህ ኩባንያ የጃፓኑን ኤምኤስኤክስ ወስዶ ዓረብኛ አስተማረው፤ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጽፍ፣ በዓረብኛ የፕሮግራም ትእዛዝ የሚቀበል ኮምፒውተር ሆነ። በዓረቡ ዓለም በዚያ ዘመን ያደገ ልጅ የኮናሚን ጨዋታዎች ያወቀው ብዙ ጊዜ በሳኽር ነው። ኢራቅ በ1990 ኩዌትን ስትወር ሥራው ተሰባበረ፣ ኩባንያውም ወደ ካይሮ ዞረ። አልሻሪኽ የሠራው ሥራ ከሚገባው ያነሰ ነው የተነገረለት። ፊደሉ ለማሽን አይመችም የተባለ ሕዝብ ማሽኑን ለፊደሉ እንዲያመች ማድረግ እንደሚችል ከጃፓን ቀጥሎ በተግባር ካሳዩት አንዱ ነው።

ኮናሚ በኤምኤስኤክስ ላይ ያፈራቸው ጨዋታዎች እስካሁን አይጠገቡም። ናይትሜርና ፔንግዊን አድቬንቸር በ1986 ወጡ። በ1987 ደግሞ ሂዲዮ ኮጂማ የተባለ ወጣት በሁለተኛው ትውልድ ኤምኤስኤክስ ላይ የጦርነት ጨዋታ እንዲሠራ ታዘዘ። ማሽኑ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ተንቀሳቃሽ ምስል ማሳየት አይችልም፤ ሁለት ወታደርና ጥቂት ጥይት ሲገናኙ ዘጠነኛው ይጠፋል። ጦርነት በዚህ አይሆንም። ኮጂማ ነገሩን ገለበጠው፤ ጀግናው አይዋጋ፣ ይደበቅ፤ በጠላት ዓይን ሥር እየሾለከ ምሽጉን ይስበር። ሜታል ጊር እንዲህ ተወለደ፤ ምሽጉም የተተከለው በልብ ወለዷ ደቡባዊ አፍሪካ ነው። ዛሬ በሾልኮ ማለፍ ላይ የቆሙ ብዙ ጨዋታዎች ከዚያ ገደብ የመጣውን ሐሳብ ይወርሳሉ።

1985–1989፦ ማሽኑ ሲዘፍን

በ1985 ኤንኢሲ ፒሲ-8801ን አሻሽሎ የኤስአር ሞዴልን አወጣ። ትልቁ ጭማሪ የያማሃ የድምፅ ቺፕ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ጢጥ ጢጥ ይል የነበረው ማሽን ከበሮና ቤዝ ያለው ሙዚቃ መጫወት ጀመረ። ኒሆን ፋልኮም የተባለ ቶኪዮ አጠገብ ያለ ትንሽ ኩባንያ ይህን ቺፕ ከማንም በላይ ተጠቀመበት። ፋልኮም በዚያው ዓመት ያወጣው ዛናዱ ከ400,000 በላይ ቅጂ ተሸጦ ነበር፤ ለዚያ ዘመን የኮምፒውተር ጨዋታ ያልታየ ቁጥር ነው።

ዛናዱ ከባድ ነበር። ገበያውም ማን የበለጠ ከባድ ጨዋታ ይሠራል በሚል ፉክክር ተጠምዶ ነበር። በ1987 ፋልኮም በተቃራኒው ሄደ። ኢስ የተባለውን ጨዋታ ማንም ሰው ታግሶ ሊጨርሰው እንዲችል አድርጎ ሠራው። ሰይፍ የሚያስመዝዝ ቁልፍ እንኳ የለውም፤ ጀግናው አዶል ጠላቱን ከመሐል ትንሽ ዘንበል ብሎ ሲገጨው ይመታዋል፣ ፊት ለፊት ከተላተመ ይጎዳል። ሙዚቃውን በብዛት የጻፈው ዩዞ ኮሺሮ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ከቺፑ ሦስት የተቀነባበረ (ኤፍኤም) ድምፅና ከሦስት ቀላል ድምፅ ብቻ ያንን ዜማ ማውጣቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የጃፓን የጨዋታ ሙዚቃ ከጨዋታው ተለይቶ የሚደመጥ ጥበብ እንዲሆን ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

በዚያው ዓመት ሻርፕ ኤክስ68000ን በ369,000 የን አቀረበ፤ 65,536 ቀለማት፣ ባለ ሞቶሮላ ፕሮሰሰር፣ ምስል የሚያንቀሳቅስ የራሱ ቺፕ ያለው። ከማሽኑ ጋር የተሰጠው ግራዲየስ የተባለ ጨዋታ ሳንቲም ከሚበላው የመጫወቻ አዳራሽ ማሽን ለመለየት የሚያስቸግር ነበር። ፉጂትሱ በ1989 ሲዲ የተገጠመለትን ኤፍኤም ታውንስ አመጣ። ሁለቱም ውድ ነበሩ፤ ሁለቱም ከጃፓን ውጭ አልሄዱም ማለት ይቻላል።

ለምን አልሄዱም? ጽሑፉ ጃፓንኛ መሆኑ አንዱ ነው። ሌላው ተራ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። የጃፓን መስመር 100 ቮልት ነው፤ ጅቡቲም አዲስ አበባም 220 ናቸው። የ400 መስመሩ ስክሪንም ከቤት ቴሌቪዥን ጋር አይናበብም። አንድ መርከበኛ ከዮኮሃማ ፒሲ-98 ጭኖ እዚህ ወደብ ቢያወርድ፣ ትራንስፎርመር፣ የተለየ ስክሪንና ካንጂ የሚያነብ ሰው አብሮ ማውረድ ነበረበት።

1990–2003፦ ግንቡ የፈረሰበት ምክንያት

ይህን ሁሉ ያቆመው ፊደል ነበር፤ ያፈረሰውም ፊደል ነው። በ1990 አይቢኤም ጃፓን ዶስ/ቪ የተባለውን ሶፍትዌር አወጣ። ፕሮሰሰሮች ፈጥነው፣ የተለመደው የዓለም ፒሲ ስክሪን 640 በ480 ደርሶ ነበር፤ ስለዚህ ካንጂን ያለ ልዩ ቺፕ፣ በሶፍትዌር ብቻ መሣል ተቻለ። የፒሲ-98 ልዩ መሆን ምክንያቱን አጣ። በ1992 ኮምፓክ በ128,000 የን ኮምፒውተር ይዞ ጃፓን ሲገባ የአገሬው አምራቾች ደነገጡ። በ1995 መጨረሻ ዊንዶውስ 95 መጣ፤ ከዚያ በኋላ የማን ማሽን እንደሆነ ለተጠቃሚው ግድ አልሰጠውም። የእኛም ፊደል በእነዚያው ዓመታት በሶፍትዌር ብቻ በተራ ፒሲ ላይ መጻፍ ለምዶ በ1999 የዓለም የፊደል ደረጃ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ገባ።

ፒሲ-98 ግን ባዶ እጁን አልሞተም። አሥራ ስድስት ቀለምን ከ4,096 መርጦ፣ ነጥብ በነጥብ እያፈራረቀ የሚሣለው የሥዕል ጥበብ የበሰለው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ዙን በሚል ስም የሚታወቅ የቶኪዮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኩባንያዎች ጥለውት በሄዱት በዚህ ማሽን ላይ በ1990ዎቹ ማብቂያ አምስት የቶሆ ጨዋታዎችን ሠርቶ በአማተሮች ገበያ ሸጠ። ቶሆ ዛሬ የዓለም ስም ነው። ኤንኢሲ የፒሲ-98ን ትእዛዝ መቀበል ያቆመው በ2003 ነው።

1993–2011፦ ዲስኩ ሳይሻግት

ማራት ፋይዙሊን በ1993 ኤፍኤምኤስኤክስ የተባለውን ኢሙሌተር ሲጀምር ኤምኤስኤክስ ገና ሙሉ በሙሉ አልሞተም ነበር። ጃፓናውያን አማተሮች ተከተሉ፤ ለፒሲ-88 ኤም88፣ ለፒሲ-98 ኔኮ ፕሮጀክት፣ ለኤክስ68000 ኤክስኤም6። ሻርፕ በ2000 የኤክስ68000ን መሠረታዊ ሶፍትዌር በነጻ ለቀቀ፤ ሌሎቹ ኩባንያዎች ቢከተሉት ምንኛ ጥሩ በሆነ። ለኤምኤስኤክስም ሲ-ባዮስ የሚባል ነጻ ምትክ አለ። ከ2001 ጀምሮ ፕሮጀክት ኤግ የጥንቶቹን ጨዋታዎች ከባለመብቶቹ እየተዋዋለ በኢንተርኔት መሸጥ ያዘ።

ጨዋታዎቹን ለማዳን የተደረገው ችኮላ ምክንያት ነበረው። ፍሎፒ ዲስክ በእርጥበት ይሻግታል፣ ማግኔቱ ይደክማል፤ ጃፓን እንደ ጅቡቲ የባሕር ወበቅ አታጣም። ጆሴፍ ረዶን የተባለ ፈረንሳዊ በ2011 በቶኪዮ የጨዋታ ጥበቃ ማኅበርን መሥርቶ ዲስኮቹን በማግኔት ምልክታቸው ደረጃ መገልበጥ የጀመረው ለዚህ ነው። 

ጨዋታዎቹ ወደ እኛ የሚደርሱበት መንገድም ተከፈተ፤ በ2000 አካባቢ ሲሚዊ-3 የተባለው 39,000 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባሕር ሥር ኬብል ሥራ ጀመረ። ከአውሮፓ ተነስቶ እስከ ኮሪያና ጃፓን ኦኪናዋ ሲዘልቅ ካረፈባቸው ከተሞች አንዷ ጅቡቲ ናት። በ2010 ኢሲ የተባለው የምሥራቅ አፍሪካ ኬብል ተጨመረ። የኢትዮጵያም ኢንተርኔት ከፊሉ የሚያልፈው በዚህችው ከተማ ነው። የፒሲ-98 ዲስክ ሙሉው 1.2 ሜጋባይት ነው። ትራንስፎርመርና ስክሪን ይፈልግ የነበረው ማሽን ከነጨዋታው በኬብል፣ በሰከንዶች ውስጥ የሚገባ ሆነ።

ከ2001 ወዲህ፦ መዳፍ ላይ

የኮሪያው ጂፒ32 በ2001፣ ጂፒ2ኤክስ በ2005 ማንም የጻፈውን ፕሮግራም የሚቀበሉ የእጅ መሣሪያዎች ሆነው ወጡ፤ የሶኒ ፒኤስፒም በአማተሮች እጅ ተከፈተ። ርካሹ ዘመን የመጣው ግን ከቻይና ነው። ሚዩ ሚኒ በ2021 መጨረሻ፣ የአንበርኒክ አርጂ35ኤክስኤክስ በ2022 መጨረሻ ወጡ። የአርጂ35ኤክስኤክስ ስክሪን 3.5 ኢንች፣ 640 በ480 ነው። ፒሲ-98ን የሚወድ ሰው እዚህ ቁጥር ላይ ልቡ ይዘላል፤ 640 በ400 ያለ ምንም መለጠጥ፣ እያንዳንዱ ነጥብ በነጥቡ ላይ ያርፋል፤ ከላይና ከታች 40 40 መስመር ጥቁር ይቀራል። የኤክስ68000 ሰፋፊ ሥዕሎች ግን አይገቡበትም፤ መጠበብ አለባቸው።

የሚያስቸግረው ኪቦርዱ ነው። ጨዋታዎቹ የተሠሩት ሙሉ ኪቦርድ ላላቸው ማሽኖች ነው፤ ቁጥሩን፣ የተግባር ቁልፎቹን፣ የዲስክ ቅያሬውን ለጥቂት አዝራሮች ማከፋፈል ትዕግሥት ይጠይቃል። የመግቢያ ምርጫዬን ልንገር፤ በኢስ ይጀመር። አቅጣጫ ከያዘው መስቀለኛ አዝራር ሌላ ብዙም አይጠይቅም። ቀጥሎ ሜታል ጊር፣ በ1987 ለአውሮፓ በእንግሊዝኛ የወጣው። የኤክስ68000 ግራዲየስ ለአጭር ጊዜ፣ ፖርቶፒያና ኖቡናጋ ደግሞ ለረጅሙ ከሰዓት፤ ሱቅ ተዘግቶ ከተማው ሙቀቱን በቤት ሲያሳልፍ፣ ወይም ሹፌር ፒኬ 12 በተባለው የጅቡቲ መኪና ማቆሚያ የጭነት ተራውን ሲጠብቅ። በሺዎች የሚቆጠሩ ጨዋታዎች ተጭነውበት የሚሸጠው ሜሞሪ ካርድ የባለመብት ፈቃድ የለውም፤ ፕሮጀክት ኤግ ያለውን፣ ከ2023 ወዲህ በኒንቴንዶ ስዊች ላይም የሚሸጠውን፣ ከዚያ መግዛት ይሻላል።

የቀረው ጽሑፉ ነው። አማተሮች ብዙዎቹን ጨዋታዎች ወደ እንግሊዝኛ መልሰዋል፤ ሬትሮአርክ የተባለው ሶፍትዌርም ከ2019 ጀምሮ የስክሪኑን ጽሑፍ አንብቦ የሚተረጉም አገልግሎት ጨምሯል። በአማርኛ ለመሥራት ግን በማሽኑ በኩል የሚከለክል ነገር የለም። ኔኮ ፕሮጀክት ፊደሎቹን የሚያነበው ከተለየ ፋይል ነው፤ ያ ፋይል ተከፍቶ እንደ ሥዕል ሊታረም ይችላል። ለካንጂ የተሠራው 16 በ16 ነጥብ ሳጥን ለፊደላችን ይበቃል፤ ከ6,349ኙ ውስጥ ጥቂት መቶዎቹን ብቻ ብንተካ ከሀ እስከ ፐ ከነቁጥሮቹ ይገባል። የሚያስፈልገው ጃፓንኛና አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ነጥብ በነጥብ ፊደል የሚሥል አንድ ሌላ ሰው፣ እና ከፖርቶፒያ የማይረዝም አንድ ጨዋታ ነው።